ጠርቶ የሚታይ ውሃና የፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ምርምር

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ዝናብ በጠፋበት ወራት፣ ከሚሌ ከተማ ብዙ በማይርቅ አንድ የአርብቶ አደር መንደር አዲስ የተቆፈረ ጥልቅ ጉድጓድ ሲመረቅ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ዜና ለማጠናቀር በሥፍራው ተገኝቶ ነበር። ሞተሩ ተነሥቶ ውሃው ከቦኖው መውረድ ሲጀምር የሕዝቡ ደስታ ይህ ነው የሚባል አልነበረም። በቦቴ መኪና የሚመጣ ውሃ ሲጠባበቁ የሰነበቱ እናቶች ጀሪካናቸውን አሰልፈው ይቀዱ ነበር። ውሃው እንደ መስተዋት የጠራ ነው። እኔም ወደ ጽሕፈት ቤት ባስተላለፍሁት ዜና ውስጥ «ንጹሕና ለጤና ተስማሚ የመጠጥ ውሃ» የሚል ሐረግ ጻፍሁ። ሐረጉ በሥራችን የተለመደ ስለሆነ ጽፎት የሚያስብበት ሰው የለም።

በዚያው ዕለት ከአገሩ ሽማግሎች አንዱ በአስተርጓሚ በኩል አንድ ጥያቄ አቀረቡልኝ። «ልጄ፣ ይህ ውሃ የልጆቻችንን ጥርስ ያበላሻል ወይስ አያበላሽም?» አሉ። በላይኛው የአዋሽ ሸለቆ በኩል ሲያልፉ ጥርሳቸው ቡናማ የሆነ ልጆች ማየታቸውን፣ ሰዎችም ነገሩን ከጉድጓድ ውሃ ጋር ሲያያይዙት መስማታቸውን ነገሩኝ። መልስ አልነበረኝም። ከጉድጓዱ ጋር የተያያዘውን የምርመራ ወረቀት ስመለከት ውሃው ከተላላፊ ጀርሞች ነጻ መሆኑን ያመለክታል፤ ጥርስን ስለሚያበላሸው ነገር ግን አንድም ቁጥር አልሠፈረበትም። ቆፋሪውን ድርጅት ለመውቀስ ሳይሆን፣ እኔ ራሴ ያልተረጋገጠ ነገር «ንጹሕ» ብዬ መጻፌ ስላሳፈረኝ ጉዳዩን በጥሞና ለመከታተል ተነሣሁ። ባነበብሁት ሁሉ ደጋግሞ የሚነሣው ስም የአንድ ኢትዮጵያዊ የነርቭ ሐኪም፣ የፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ስም ሆነ።

ሐኪሙና የወንጂ ሠራተኞች

ፕሮፌሰር ረዳ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ክፍል ለብዙ ዓመታት ያስተማሩና የመረመሩ የነርቭ በሽታ ሊቅ ናቸው። በቡታጅራ አካባቢ ከ60,000 በላይ የሚሆን ሕዝብ ቤት ለቤት ተዳርሶ የነርቭ ሕመም ስርጭት የተጠናበትን ሥራ የመሩት እርሳቸው ሲሆኑ፣ የጥናቱም ውጤት እ.ኤ.አ. በ1990 ታትሟል። የነርቭ ሐኪም ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ምን አገናኘው የሚል አንባቢ ይኖራል። ያገናኘው በሽተኛው ነው። ወገባቸውና አንገታቸው የደረቀ፣ ቀስ በቀስም እግራቸውና እጃቸው የሰነፈ ሰዎች ወደ ነርቭ ሐኪም ይመጣሉ፤ ሐኪሙም ምክንያቱን ወደ ኋላ እየተከተለ ሲሄድ መጨረሻው ከአንድ ጉድጓድ አፍ ላይ ሆነ።

ጉዳዩ ጎልቶ የታየው በወንጂ ነው። እንደሚታወቀው ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በአዋሽ ወንዝ ዳር ያቋቋመው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። አገዳ ለመቁረጥ በሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞች ከከምባታ፣ ከሐዲያና ከሌሎችም የደቡብ አውራጃዎች መጥተው በካምፕ ሠፈሩ፤ የሚጠጡትም ከጥልቅ ጉድጓድ የሚወጣ ውሃ ነበር። ከተላላፊ በሽታ አንጻር ካየነው ከወንዝ ውሃ የተሻለ ነው። ይሁንና ዓመታት ሲያልፉ ሁለት ነገሮች ታዩ። በካምፑ ተወልደው ያደጉ ልጆች ቋሚ ጥርሳቸውን ሲያወጡ ቡናማ፣ አንዳንዱም ተሸርፎ የሚረግፍ ሆነ። ወላጆቻቸው ደግሞ በተወለዱበት አገር ያወጡት ጥርስ ነጭ እንደሆነ ቢቆይም አጥንታቸው ይደርቅ፣ መገጣጠሚያቸው ይታሠር ጀመር።

ነገሩን እንደ ምርምር ለሚመለከት ሰው ይህ ልዩነት ብዙ ያስተምራል። ሰዎቹ በትውልድ አንድ ናቸው፣ ምግባቸውም አንድ ነው፤ የተለየው ውሃውን መጠጣት የጀመሩበት ዕድሜ ነው። የጥርስ ሽፋን የሚሠራው በልጅነት፣ እስከ ስምንት ዓመት ገደማ ስለሆነ ከዚያ በኋላ የመጣ ሰው ጥርሱ አይጎዳም። አጥንት ግን ዕድሜ ልኩን ይሠራል፣ ዕድሜ ልኩንም ያጠራቅማል።

ሌስተር የተባሉ ሐኪም የወንጂን ሠራተኞች የመጀመሪያ የሕመም ምልክቶች በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ የገለጹት እ.ኤ.አ. በ1974 ነበር። ፕሮፌሰር ረዳና የሥራ ባልደረቦቻቸው ደግሞ ጥናቱን ከአንድ ፋብሪካ አውጥተው በስምጥ ሸለቆው የተለያዩ ማኅበረሰቦች ውስጥ አካሄዱ። እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት ጽሑፍ እንደተገለጸው፣ በስምጥ ሸለቆው ተወልደው ካደጉትና ከተመረመሩት ልጆች ውስጥ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ጥርሳቸው በፍሎራይድ ተጎድቶ ተገኝቷል። በአጥንት ላይ የሚደርሰው ጉዳት ግን መታየት የጀመረው ከፍተኛ ፍሎራይድ ያለበትን ውሃ ከ10 ዓመት በላይ በጠጡ ሠራተኞች ላይ ነው። ይህችን «ከ10 ዓመት በላይ» የምትል ሐረግ አንባቢ እንዲያስታውሳት እለምናለሁ፤ ለእኛ ሥራ ከሁሉ የምትከብደው እርሷ ናት።

ፕሮፌሰር ረዳ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ሌላ ጽሑፍ የበሽታውን የመጨረሻ ደረጃ አብራርተዋል። አጥንቱ እየወፈረ፣ ጅማቱም እየደነደነ ሲሄድ የጀርባ አጥንት መተላለፊያ ይጠባል፤ በተለይም በአንገት በኩል ሕብለ ሰረሰሩንና ከእርሱ የሚወጡትን ነርቮች ይጫናል። በሽተኛው በመጀመሪያ የሚሰማው የአንገትና የወገብ ሕመም ብቻ ስለሆነ ቁርጥማት ነው ተብሎ ያልፋል። በኋላ ግን እጅና እግር ይሰንፋሉ፣ ሰውየውም አካለ ስንኩል ሆኖ ይቀራል። በመድኃኒት የሚመለስ ነገር የለም።

የእኒሁ ሊቅ ሌላው ምርምር በጓያ ላይ የተደረገ ነው፤ ለርዳታ ሠራተኞችም ከዚህ ጋር አያይዞ ማንሣቱ አይከፋም። በደምቢያና በፎገራ ገበሬዎች ዘንድ በችግር ጊዜ ጓያ አብዝቶ ከመብላት የሚመጣውን የእግር ሽባነት ከባልደረቦቻቸው ጋር አጥንተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1990 አቅርበዋል። በርዳታ ጣቢያ የተቀመጠ የጤና ረዳት ሁለቱን በሽተኞች ጎን ለጎን ቢያገኛቸው ሁለቱም በበትር የሚሄዱ ናቸው። በጓያ የተጎዳው ግን ብዙውን ጊዜ ወጣት ነው፤ ሽባነቱ የያዘው በአጭር ጊዜ ውስጥ ነው፤ እጁ ደኅና ነው፤ አንገቱም እንደ ልቡ ይዞራል። በውሃ የተጎዳው ግን በዓመታት ቀስ በቀስ የደረቀ ነው። አገጩን ከደረቱ ማስነካት፣ ጉልበቱን ሳያጥፍ የእግሩን ጣት መንካት፣ እጆቹን ከማጅራቱ ኋላ ማቆላለፍ ያቅተዋል። እነዚህ ሦስት እንቅስቃሴዎች ያለ ምንም መሣሪያ የሚደረጉ መለያዎች ስለሆኑ በመስክ ላይ ያለ ሰው ቢያውቃቸው ይጠቅሙታል። ሁለቱንም በሽታዎች የሚያገናኛቸው ድርቅ ነው፤ ድርቅ ሰውን ወደ አንድ እህል ወይም ወደ አንድ ጉድጓድ ይወስነዋል።

ውሃው ከየት አመጣው?

ብክለት ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው ፋብሪካና ቆሻሻ ነው። በአዋሽ ተፋሰስ ይህም አለ። የአዲስ አበባን ቆሻሻ የተሸከሙት የአቃቂ ወንዞች በአባ ሳሙኤል በኩል ወደ አዋሽ ይገባሉ፤ በዋና ከተማዋ የከርሰ ምድር ውሃ ላይ የሚደርሰውን ብክለትም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ምድር ሊቃውንት ሲያጠኑት ቆይተዋል። የፍሎራይድ ጉዳይ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ማንም ሰው አልጨመረውም፤ ከአለቱ የመጣ ነው።

ስምጥ ሸለቆው የእሳተ ገሞራ አገር ነው። በተለይም እንደ ፑሚስ ባሉት ነጣ ያሉ የእሳተ ገሞራ አለቶችና በእሳተ ገሞራ መስተዋት ውስጥ ፍሎራይድ ይገኛል። ውሃ በእነዚህ ውስጥ ለረዥም ዘመን ሲያልፍ፣ ከሥር ባለው ሙቀትም ሲሞቅ እየሟሟ ይገባበታል። ካልሲየም በብዛት ያለበት ውሃ ቢሆን ፍሎራይዱ ከካልሲየሙ ጋር ተጣምሮ ይዘቅጥ ነበር። የስምጥ ሸለቆው ውሃ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሶዲየም የበዛበት፣ ካልሲየም ያነሰው ስለሆነ ፍሎራይዱ ሟሙቶ ይቀራል። ከዚህ የተነሣ ሞቅ ብሎ የሚወጣ፣ ሳሙናም ቶሎ የሚያረፋ ውሃ የቤት እመቤት ብትወደውም የውሃ ባለሙያ ሊጠረጥረው ይገባል። ይህ ግን ጥርጣሬ ለማሳደር ብቻ የሚያገለግል እንጂ ምርመራን የሚተካ አይደለም።

ፍሎራይድ ቀለም፣ ሽታም ሆነ ጣዕም የለውም። ውሃውን ማፍላት አያስወግደውም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን የቀረው ይበልጥ ይከማቻል። ክሎሪንም አይነካውም። በሌላ አነጋገር በርዳታ ጣቢያዎች ሁሉ የምንታመንባቸው ሁለት ዘዴዎች በዚህ ጉዳይ ላይ ምንም አይረዱም።

የዓለም የጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ የሚመክረው የፍሎራይድ ወሰን በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ የኢትዮጵያ የመጠጥ ውሃ ደረጃም ይህንኑ ወስዷል። ፕሮፌሰር ረዳ ከኖርዌይና ከሌሎች አገሮች ጠበብት ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ጥናት በስምጥ ሸለቆው ከተሰበሰቡ 138 የውሃ ናሙናዎች ውስጥ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከዚህ ወሰን በላይ ሆነው ተገኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ጥናት ደግሞ የበለጠ ሰፊ ነበር። ከአገሪቱ ልዩ ልዩ ክፍሎች ከ1,400 በላይ የውሃ ናሙናዎች ተመርምረው ሩብ ያህሉ ከወሰኑ በላይ ሆነዋል፤ ከእነዚህም እጅግ የሚበዙት የስምጥ ሸለቆው ናቸው። በደጋው ያለው ውሃ በአብዛኛው ደኅና ነው። ከፍተኛው መጠን የተገኘው በሐይቆች ሲሆን፣ በሻላና በአብያታ በአንድ ሊትር ከ200 ሚሊግራም በላይ ተመዝግቧል፤ ይህን ውሃ ደግነቱ ሰው አይጠጣውም። ከአንድ በበሽተኞች የተሞላ ካምፕ የጀመረው ምርምር በዚህ ሁኔታ የአገሪቱን የፍሎራይድ ካርታ እስከ ማዘጋጀት ደረሰ።

የሚሌ ሁኔታ

ሚሌ ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ ወደብና ወደ አሰብ የሚያልፈው መንገድ በባቲ በኩል ከኮምቦልቻ ከሚመጣው መንገድ ጋር የሚገናኝበት ከተማ ነው። የሚሌ ወንዝ ከወሎ ደጋ ወርዶ ከአዋሽ ጋር ይቀላቀላል፤ አዋሽም ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ ይቀራል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎና በአፋር የደረሰው ረሃብ የርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን እንዲቋቋም ምክንያት መሆኑ ይታወሳል። ከዚያ ወዲህም ድርቁ እየተመላለሰ ሲመጣ፣ በእያንዳንዱ ድርቅ ጊዜ ጉድጓድ ይቆፈራል። መቆፈሩም ተገቢ ነው።

ችግሩ በሦስት ነገሮች ይከብዳል። አንደኛው ሙቀቱ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ራሱ ወሰኑ በየአገሩ ሲወጣ ሕዝቡ የሚጠጣው የውሃ መጠን ከግምት እንዲገባ ያሳስባል። በደጋ ያለ ሰው በቀን ሁለት ሊትር ጠጥቶ ይውላል እንበል፤ ውሃው 1.5 ሚሊግራም ቢኖረው በቀን 3 ሚሊግራም ወሰደ ማለት ነው። በሚሌ ፀሐይ ከብት ሲከተል የዋለ ሰው አምስት ሊትር ቢጠጣና ውሃው 3 ሚሊግራም ቢኖረው የሚወስደው 15 ሚሊግራም፣ ማለትም አምስት እጥፍ ይሆናል። በወረቀት ላይ ሲታይ ግን የሁለተኛው ጉድጓድ ቁጥር ከመጀመሪያው እጥፍ ብቻ ነው።

ሁለተኛው የወተት ነገር ነው። የአፋር ልጅ በደኅናው ጊዜ ከውሃ ይልቅ ወተት ይጠጣል፤ ወተት ካልሲየም አለው፣ ፍሎራይዱም እጅግ ያነሰ ነው። ከብቱ በድርቅ ሲያልቅ ወተቱ ይቀርና በምትኩ በጉድጓድ ውሃ የተቀቀለ የርዳታ እህልና ሻይ ይመጣል። ሻይ ቅጠል በራሱ ፍሎራይድ ያለው ተክል ነው። የምግብ እጥረትም፣ በተለይ የካልሲየም ማነስ፣ የፍሎራይድን ጉዳት እንደሚያባብስ ጠበብት ያስረዳሉ። ስለዚህ ድርቅ ውሃውን ባይለውጠውም ሕፃኑን ለውሃው ያጋልጠዋል።

ሦስተኛው፣ ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች ከሁሉም በላይ የሚመለከተው፣ መሥፈር ነው። አርብቶ አደር በዓመት ውስጥ ከወንዝ፣ ከኩሬ፣ ከጎርፍ ውሃና ከጉድጓድ እያፈራረቀ ይጠጣል። አንዱ ጉድጓድ መጥፎ ቢሆን ከሌላው ጋር ይካካሳል። ሰው ሲሠፍር ግን ውሃው አንድ ይሆናል፤ ያችኑ አንዲት ቦኖ ለዘለቄታው ይጠጣል። ወንጂ ላይ የታየውም ይኸው ነው፤ የአገዳ ሠራተኞቹ በሌላ ስም ቢጠሩም ሠፋሪዎች ነበሩ። በአፋር ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ የተካሄደው መንደር የማሰባሰብ ሥራ ውሃን የመሠፈሪያ ቦታ መምረጫ አድርጎ መነሣቱ ትክክል ነበር፤ ነገር ግን የውሃ መኖር ብቻውን መምረጫ ሊሆን አይችልም። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ በመሬት መንቀጥቀጥ ምክንያት ሕዝብ በብዛት ከቀዬው ሲነሣም ያው ጥያቄ ተመልሶ መጥቷል። ለሦስት ወር ተብሎ የተተከለ ጣቢያ አሥር ዓመት ሲቆይ ያላየ የመስክ ሠራተኛ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም።

ከሌሎች አገሮች የታየ

በአሜሪካ ኮሎራዶ ውስጥ ማኬይ የተባለ የጥርስ ሐኪም የነዋሪዎቹን ጥርስ ቡናማ መሆን መመርመር የጀመረው እ.ኤ.አ. ከ1901 ወዲህ ነበር። ምክንያቱ በውሃው ውስጥ ያለ ፍሎራይድ መሆኑ በኬሚስቶች የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1931 ነው። ዛሬ ሠላሳ ዓመት መጠበቅ አያስፈልግም፤ የአንድ ናሙና ምርመራ በላቦራቶሪ ጥቂት ደቂቃ የሚፈጅ ነው።

ይበልጥ የሚያስደነግጠው የባንግላዴሽ ታሪክ ነው። በዚያ አገር ሕፃናት የኩሬ ውሃ እየጠጡ በተቅማጥ ያልቁ ስለነበር፣ መንግሥትና የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅትን የመሳሰሉ ለጋሾች እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ እጅግ ብዙ የቱቦ ጉድጓዶች አስተከሉ። ውሃው ከጀርም የጸዳ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 ግን በውስጡ ከምድሩ የመጣ አርሴኒክ የተባለ መርዝ መኖሩ ተረጋገጠ፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብም ሲጠጣው ኖሯል። ጉድጓዱን ያስተከሉት ሰዎች ክፉ አሳቢዎች አልነበሩም፣ ሥራቸውንም አልተውትም። የፈለጉትን ነገር መርምረው ያልፈለጉትን አልመረመሩም፤ ሌላ ጥፋት የላቸውም።

በመስክ ምን ማድረግ ይቻላል?

በመጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። በድርቅ መካከል ፍሎራይዱ ከወሰን አለፈ ብሎ ጉድጓድ የሚዘጋ ሰው ሕይወት ያጠፋል። ጥማት በቀናት ይገድላል፤ ፍሎራይድ ጉዳቱን የሚያሳየው በዓመታት ነው። ስለዚህ ምርመራው ውሃን ለመከልከል ሳይሆን ቀኑን ለመቁጠር ነው። ይህ ጉድጓድ ለስድስት ወር ይበቃል፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ግን ሌላ የመጠጥ ውሃ ይፈለግ ለማለት ይረዳል። እንዲህ ያለ ውሳኔ በጽሑፍ ሠፍሮ፣ ኃላፊው ታውቆ ካልተተወ ስድስቱ ወር ሳይታወቅ አሥር ዓመት ይሆናል።

ናሙና ሲወሰድ ሞተሩ ውሃውን ለጊዜው አፍስሶ በቱቦው ውስጥ የቆየው ካለፈ በኋላ፣ በመስተዋት ጠርሙስ ሳይሆን በንጹሕ ፕላስቲክ ይሁን። የጉድጓዱ ጥልቀትና የውሃው ሙቀት አብሮ ይመዝገብ። በቀለም የሚለካው የመስክ መሣሪያ መጠነኛ ግምት ይሰጣል፤ ውጤቱ ከ1 በላይ ከሆነ ወደ ላቦራቶሪ መላክ ነው። ምርመራው በዝናብና በበጋ ቢደጋገም መልካም ነው፤ የፓምፑ ሥራ ሲበዛ ከሌላ ንብርብር ውሃ ሊስብ ይችላልና።

ከወሰን በላይ ሆኖ ሲገኝ ከሁሉ የሚቀለው መንገድ መለየት ነው። አንድ ሰው በቀን የሚጠጣውና የሚያበስልበት ውሃ ለማጠቢያና ለከብት ከሚውለው ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። ለዚህ ለጥቂቱ በቢርካ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ወይም ከወንዝ ዳር አነስተኛ ጥልቀት ካለው ጉድጓድ የሚወጣ፣ በክሎሪን የታከመ ውሃ ይበቃል። ወንዙ የሚመግበው እንዲህ ያለ ጉድጓድ ብዙ ጊዜ ፍሎራይዱ ያነሰ ነው፤ እርሱም ቢሆን ይመርመር። የተለየው ውሃ ለሁሉም የማይዳረስ ከሆነ ቅድሚያው ከስምንት ዓመት በታች ላሉ ልጆችና ለነፍሰ ጡር እናቶች ይሁን። ከብትም ለዘለቄታው ቢጠጣው ጥርሱና አጥንቱ ይጎዳል፤ ነገር ግን ዕድሜው አጭር ስለሆነ ከሰው በኋላ ሊታሰብለት ይችላል። ይህን ስል አርብቶ አደሩ ላይስማማኝ እንደሚችል አውቃለሁ።

ማጣሪያዎችም አሉ። በሕንድ አገር ናልጎንዳ በተባለ ሥፍራ ስም የሚጠራው ዘዴ አሉምና ኖራ ውሃ ውስጥ በመጨመር ፍሎራይዱን የሚያዘቅጥ ሲሆን፣ በስምጥ ሸለቆአችንም ተሞክሯል። ሌላው የተቃጠለ የከብት አጥንት ከሰል ነው፤ በኦሮሚያ በኩል አንድ አገር በቀል ድርጅት ኤዋግ ከተባለው የስዊስ የውሃ ምርምር ተቋም ጋር ሠርቶበታል። ሁለቱም ይሠራሉ፤ የሚሠሩት ግን አሉሙ ሳያልቅ፣ የአጥንቱም ከሰል ጊዜው ሲያልፍ የሚለውጠው ሰው እስካለ ድረስ ነው። ብዙ ማጣሪያ ተመርቆ፣ ከዚያም ተረስቶ ቀርቷል። የአጥንቱን ነገር ወደ አፋር ለማምጣት የሚያስብ ደግሞ አስቀድሞ ከሽማግሎችና ከሃይማኖት አባቶች ጋር ይመካከር። እንስሳው እንዴት እንደታረደ ይጠይቁታል፤ መጠየቃቸውም ተገቢ ነው። ሳያማክር ያመጣው ማጣሪያ ሳይነካ ይቀመጣል።

በአፋር ሁለት ሰዎች በመንገድ ሲገናኙ ስለ ግጦሽ፣ ስለ ውሃና ስለ ሰላም ያዩትን ሁሉ በዝርዝር የሚለዋወጡበት ዳጉ የተባለ ባህል አለ። የትኛው ጉድጓድ ከብት እንደሚያስቀምጥ፣ የትኛው ጨው እንደሚበዛበት የሚታወቀው በእርሱ ነው። የመንግሥት የምርመራ ውጤት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከፋይል ወጥቶ ወደ ዳጉ አይገባም። የጉድጓዱ ቁጥር ሲታወቅ ለሽማግሎቹ በቃል ቢነገር በሳምንት ውስጥ ከሚሌ እስከ አሳይታ ይደርሳል፤ ለዚህ የሚጠየቅ በጀት የለም።

መግቢያው ላይ ያነሣሁት ጉድጓድ ናሙናው ተልኮ ውጤቱ ከወሰኑ በላይ መሆኑ ታወቀ። ጉድጓዱ አልተዘጋም። ለከብትና ለማጠቢያ እያገለገለ ነው፤ ለልጆቹ የሚሆን ውሃ ከወንዝ ዳር ጉድጓድ እየተቀዳ በክሎሪን ታክሞ ይቀርባል። ጥያቄውን ላነሡት ሽማግሌ መልሱን የላክሁት ወደ ቀበሌው በሚሄድ መንገደኛ በኩል ነበር። በዳጉ ቀድመው ሰምተውት ኖሮ፣ «ታዲያ ያኛውስ የወንዙ ዳር ጉድጓድ ተመርምሯል ወይ?» የሚል ሌላ ጥያቄ ላኩብኝ። የዚያም ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ሄዷል። እኔም ከዚያ ወዲህ በማጠናቅረው የምረቃ ዜና ላይ የፍሎራይዱ ቁጥር በእጄ ካልገባ በቀር «ውሃ» ብዬ እጽፋለሁ እንጂ «ንጹሕ» የሚለውን ቃል አልጨምርበትም።